የነዳጅ ፓምፑ ከመቀየሩ በፊት ምን እንደገደለው ይታወቅ

«ሰላም ለዓምዱ። ከሦስት ወር በፊት በደላላ በኩል ያገለገለ ቪትዝ ገዛሁ። በፈረንጆች 2007 የተሠራ፣ ባለ 1.0 ሊትር ሞተር ነው። ቤቴ ድሬዳዋ ሳቢያን፣ ሥራዬ ሐረር ስለሆነ በሳምንት ሦስት አራት ቀን እመላለሳለሁ። ከአምስት ሳምንት በፊት የደንገጎን ዳገት ስወጣ መኪናው ጉልበት አጣና እየተንተፋተፈ ጠፋ። ኤሲ ከፍቼ ነበር፤ የነዳጅ መብራቱም በርቶ ነበር። 40 ደቂቃ ያህል ፀሐይ ላይ ቆሜ ስሞክረው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሳ። ጋራዥ ወሰድኩት፤ 4 ካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥለው) ቀይረው፣ ኢንጀክተር (ቤንዚኑን የሚረጨው) አጥበው 9,400 ብር ተቀበሉኝ። ሁለት ሳምንት ደህና ሄደ፤ ከዚያ እዚያው ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ደገመው። አሁን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ስድስት ሰባት ሴኮንድ ካልጎተትኩት አይነሳም፣ ከኋላ ወንበር በኩልም እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ አለ። ያው ጋራዥ አሁን 62 ሺህ ብር ጠየቀኝ፦ የፓምፑ ሙሉ ዕቃ 28 ሺህ፣ ኮምፒውተሩን ፕሮግራም ለማድረግ 15 ሺህ፣ ኢንጀክተር እጥበት 6 ሺህ፣ ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ለማውረድና ለእጅ ሥራ 13 ሺህ። እውነት ነው ወይ? ሻጩን መጠየቅ እችላለሁ? ወይስ በዋጋው ልሽጠውና ልገላገል? እስቲ አንተ ፍረደኝ። የሳቢያኗ።»

ሰላም የሳቢያኗ። «አንተ ፍረደኝ» ስላልሽን እኛም በድሬ ወግ አንቱታውን ትተነዋል።

ምልክቶችሽ በእርግጥ ወደ ነዳጅ ፓምፑ ያመለክታሉ። 62 ሺው ግን ገና ምንም ማስረጃ የለውም። የቤንዚን ፓምፕ ዝም ብሎ አይሞትም፤ ወይ ሙቀት ያነደዋል፣ ወይ ቆሻሻ ያንቀዋል፣ ወይ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ እያነሰ ያደክመዋል። ገዳዩ ሳይታወቅ አዲስ ፓምፕ ቢገባ እሱም የፊተኛውን መንገድ ይከተላል፤ ሁለተኛውን 28 ሺህም የምትከፍዪው አንቺው ነሽ። ስለዚህ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ሦስት ልኬት አስደርጊ፦ ፓምፑ ዘንድ የሚደርሰው ቮልት፣ የነዳጁ ግፊት፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ግፊቱ ሳይወርድ የሚቆይበት ጊዜ። ሦስቱም ተደምረው ግማሽ ቀን አይፈጁም።

ከዚያ በፊት ግን ደረሰኝሽን አውጪና ካንዴላው ላይ እዪ። በዚያ ዓመት የተሠራው ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ አንድ ስለሆነ የሚወስደው ካንዴላ 3፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቦቢና 3፣ ኢንጀክተሩም 3 ነው። አራተኛው የት እንደገባ እኛም ማወቅ እንፈልጋለን። ምናልባት የጽሑፍ ስህተት ይሆናል፤ ይሁንና ሲሊንደሩን ያልቆጠረ ሰው «ኮምፒውተሩ ፕሮግራም ይደረግ» ሲልሽ ማስረጃ ብትጠይቂ ነውር የለውም።

ፓምፑ የሚገኘው ሰልባትዮው ውስጥ፣ ቤንዚኑ ውስጥ ተነክሮ ነው። ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ሆኖ ከሥሩ እንደ ካልሲ ያለ የናይሎን ወንፊት አለው። ቤንዚኑ በሞተሩ ውስጥ አልፎ ነው ወደ ላይ የሚወጣው፤ በዚያው የሚያቀዘቅዘውም የሚያለሰልሰውም ራሱ ቤንዚኑ ነው። የመኪናሽ ሰልባትዮ 42 ሊትር ይይዛል፤ ሩብ ማለት አሥር ሊትር ተኩል ነው። መብራቱ ሲበራ ከሥር የቀረው ጥቂት ስለሆነ ፓምፑ ዙሪያውን በቤንዚን አይሸፈንም። ዳገትና ኩርባ ላይ ነዳጁ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ደግሞ አየር ይስባል፤ አየር አያቀዘቅዝም። ድሬ ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ቀን፣ አስፋልቱ ከሥር እየተነፈሰበት፣ አምስት ሊትር ቤንዚን ከሠላሳ ሊትር ይልቅ ቶሎ ይሞቃል። «ነዳጅ ውድ ነው፣ በትንሽ በትንሹ እሞላለሁ» የሚል ሰው ሳያውቀው ከፓምፑ ላይ እየቆጠበ ነው።

ለምን ደንገጎ ላይ ብቻ? እዚያው ድሬ ውስጥ ከከዚራ ሳቢያን ስትሄጂ ሞተሩ የሚጠይቀው ቤንዚን ጥቂት ስለሆነ ግማሽ የሞተ ፓምፕም ያደርሰዋል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ፤ ልዩነቱን የምትወጪው በአንድ ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ነዳጅ ረግጠሽ ስትሰጪው፣ ኤሲውም ሲጨመርበት፣ ሞተሩ የሚጠይቀው ከተማ ውስጥ ከሚጠይቀው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ደካማው ፓምፕ መጠኑን ለማድረስ ሲታገል ግፊቱ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹን ረዘም አድርጎ በመክፈት ያካክሳል፣ ያካክሳል፣ አንድ ቦታ ላይ አቅሙ ያልቃል። ያኔ ነው መንተፋተፉ የሚመጣው።

ቆሞ ካረፈ በኋላ መነሳቱ ሁለት ትርጉም አለው። ፓምፑ ግሎ ከነበረ ይበርዳል። ወንፊቱ በቆሻሻ ተደፍኖ ከነበረ ደግሞ መሳቡ ሲቆም የተጣበቀው ጭቃ ተላቆ ይወርድና መንገዱ ለጊዜው ይከፈታል። አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ የሚነሳ መኪና ብዙውን ጊዜ ወደ ወንፊቱ፣ እንዳንቺው 40 ደቂቃ የሚፈልግ ደግሞ ወደ ሙቀቱ ያመለክታል። ይህ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ፓምፕ ያልሆነ ግን ፓምፕ የሚመስልም አለ። አንደኛው የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው የክራንክ ሴንሰር ነው፤ ሲሞቅ ያጠፋል፣ ሲበርድ ይነሳል፣ ልክ እንዳንቺው። መለያው ቀላል ነው፦ መመርመሪያ ኮምፒውተር ተሰክቶ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲዞር የሞተሩ ዙር ከታየ ሴንሰሩ እየሠራ ነው፤ ዜሮ ላይ ከቆመ ፓምፑን ተዪውና ሴንሰሩን ተከተዪ። ኮምፒውተሩ የመዘገበው የብልሽት ኮድም ፒ0335 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በነዳጅ እጥረት ጊዜ በብዛት የሚመጣው ግን ፒ0171 ነው፤ ትርጉሙ አየሩ በዝቷል፣ ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው። የቦቢና ችግር ከሆነ ከፒ0300 ጀምሮ ያሉት ይመጣሉ። መብራት ባይበራም ኮድ ተመዝግቦ ሊቆይ ስለሚችል ባትሪው ከመነቀሉ በፊት ይነበብ። ባትሪ ነቅሎ «እስቲ እንየው» የሚል ሰው ማስረጃሽን እያጠፋ ነው።

ሌላው ምንም ወጪ የሌለው ፍተሻ የሰልባትዮው ክዳን ነው። ቤንዚኑ ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ የአየሩ መንገድ በአቧራ ከተዘጋ ውስጡ እየጠበበ ፓምፑን ይጎትተዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ጉልበት ሲያጣ ዳር ይዘሽ ክዳኑን ክፈቺ። ለረጅም ጊዜ «ፍስስ» ብሎ ወደ ውስጥ ከሳበና መኪናው ወዲያው ከተነሳ ችግሩ ከትንፋሽ መስመሩ ነው፤ ከ62 ሺው ውስጥ አንድም ብር አያስፈልግሽም።

አሁን ወደ ልኬቶቹ። ፓምፑ የሚገኘው ከኋላ ወንበር መቀመጫ ሥር ስለሆነ መቀመጫው ይነሳል፣ ከዚያ ትንሽ የቆርቆሮ ክዳን አለች፣ ከሥሯ የፓምፑ ሶኬት ይታያል። ሶኬቱ ሳይነቀል፣ ፓምፑ እየሠራ፣ ከጀርባው በቴስተር ይለካ። ባትሪው ላይ ከሚነበበው ከግማሽ እስከ አንድ ቮልት ያህል ዝቅ ቢል ያስኬዳል። ባትሪው 13.8 እያለ ፓምፑ ዘንድ 11 ብቻ ከደረሰ ግን ፓምፑ ተርቧል፤ አዲስ ቢገባም እንደዚሁ ይራባል። ወደ ቦዲው የሚታሰረው ሽቦም ለብቻው ይለካ፦ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ያለው ልዩነት ከ0.2 ቮልት መብለጥ የለበትም። ሽቦው ሶኬቱን ነቅሎ ብቻ ከተለካ ውጤቱ ያታልላል፤ አንድ ክር የቀረው ሽቦ እንኳ ጭነት ከሌለበት 12 ቮልት ያሳያል።

ሶኬቱን ደግሞ በዓይንሽ እዪው። ደህና ሶኬት ውስጡ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል፣ ፕላስቲኩም አንድ ዓይነት ቀለም ነው። የታመመው አንዷ ቀዳዳ ዙሪያ ሻይ እንደፈሰሰበት ወረቀት ቡናማ ሆና፣ ፕላስቲኩ ትንሽ ቀልጦ፣ ፒኗ ጠቁራ ታገኛታለሽ። ያቺ ቡናማ ቀለበት ማለት ግንኙነቱ ላልቶ፣ እዚያ ላይ ሙቀት እየተፈጠረ፣ ቮልቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። መድኃኒቱ ሶኬቱን ቆርጦ ሌላ ደህና ሶኬት መበየድ ነው፤ በፕላስተር መጠቅለል አይደለም። ከፊውዝ ሳጥኑ ያለው የፓምፕ ሪሌም (የፓምፑን ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋው) ተነቅሎ እግሮቹ ይታዩ፤ በሌላ ተመሳሳይ ሪሌ ተቀይሮ ቢሞከር አንድ ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው ግፊት ነው። ለእንዳንቺ ያሉት የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች ከ304 እስከ 343 ኪሎፓስካል ይፈለጋል፤ ጋራዦች ዘንድ ባለው ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ከ3.0 እስከ 3.4 ባር፣ ወይም ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ ማለት ነው። መስመሩ ላይ ጌጅ የሚሰካበት ቦታ ስለሌለ መሃል የሚገባ ቲ ቅርጽ ማገናኛ ያስፈልጋል። «ጌጅ የለንም፣ በልምድ እናውቀዋለን» ካሉሽ ሌላ ጋራዥ ሂጂ። ድሬና ሐረር ውስጥ በፔጆ 404 እጃቸውን ያፍታቱ ግሩም መካኒኮች አሉ፤ 404 ላይ ግን ፓምፑ ሞተሩ ጎን የተሰካ፣ በሜምብራን የሚሠራ፣ ቱቦውን ነቅለው ሲረጭ አይተው የሚፈርዱበት ነው። ኢንጀክተር ያለው መኪና ላይ መርጨቱ ምንም አይነግርም፤ በ1.5 ባርም ይረጫል፣ ለሞተሩ ግን አይበቃም። በዚህ ግፊት ቱቦ እንዲሁ ነቅሎ ማስረጨት ደግሞ እሳት መጥራት ነው።

ግፊቱ መኪናው ቆሞ ደህና ሆኖ ነዳጅ ሲረገጥ የሚወርድ ከሆነ ወይ ፓምፑ ደክሟል ወይ ወንፊቱ ተደፍኗል። አምፔር ፍንጭ ይሰጣል፦ የትንሽ መኪና ፓምፕ በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 አምፔር ይስባል። ከዚያ በላይ እየሳበ ግፊት ካልሰጠ ታንቋል ወይም ውስጡ እየተላተመ ነው።

ሦስተኛው ልኬት የጠዋቱን መጓተት ይፈታል። ሞተሩ ይጥፋ፣ ጌጁ እንደተሰካ ይቆይ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ 147 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 1.5 ባር ያህል፣ ወይም ከዚያ በላይ መቅረት አለበት። ከወረደ ፓምፑ ውስጥ ያለችው የማይመልስ ቫልቭ፣ ወይም ግፊት መቆጣጠሪያው፣ ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር አለ። የአንቺ ስድስት ሰባት ሴኮንድ መስመሩ በሌሊት ባዶ እንደሚሆን ይመስላል። ቤትሽ ሆነሽም ቁልፉን ሳታስነሺ «ኦን» ላይ ለሁለት ሴኮንድ አድርገሽ መልሺ፣ ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ አስነሺው። ቶሎ ከተነሳ ግምቱ ይጠነክራል። ካልተለወጠ ግን ምንም አልተረጋገጠም፤ አንዳንዱ ቶዮታ ሞተሪኖው ካልዞረ ፓምፑን አያስነሳም። «ኦን» ላይ ድምፅ የለም ብሎ ፓምፑን ሞቷል የሚልም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ልኬቶቹ ፓምፑን ከከሰሱት ይከፈት። ይህን ሥራ በጠዋት፣ 12 ወይም 1 ሰዓት ላይ፣ ሜዳ ላይ አስደርጊው፤ ከምሳ በኋላ ሙቀቱም ይበረታል፣ ድሬም ታርፋለች፣ የተጀመረ ሥራ ተከፍቶ ያድራል። ሰልባትዮው ከግማሽ በታች ይሁን። መጀመሪያ የፓምፑ ሪሌ ተነቅሎ ሞተሩ እስኪጠፋ ይሥራ፤ ግፊቱ እንዲህ ይወጣል። ከዚያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ አሥር እርምጃ ርቃ ያለች የቡና ምድጃ ትበቃዋለች። ሲጋራ፣ ከሰል፣ ባለ ሽቦ አምፖል አይኑር፤ የዱቄት እሳት ማጥፊያ አጠገብ ይቀመጥ። ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ዙሪያው ያለው አቧራ በብሩሽና በአየር ይጽዳ። ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ የድሬ አሸዋ አዲሱ ወንፊት ላይ የሚያርፈው በዚያች ደቂቃ ነው።

ወንፊቱ ሲወጣ አጠገብ ሁኚ። ነጭ ሳህን ላይ አስቀምጪውና እዪው፤ ገዳዩን የሚናገረው እሱ ነው። ጤነኛ ወንፊት ነጭ ወይም ገርጣ ያለ ቢጫ ነው፣ በብርሃን ስታዪው ያሳልፋል። ቀይ ደቃቅ አፈር ከሸፈነው ከክዳኑ ወይም ከጄሪካን የገባ አቧራ ነው። ዝልግልግ ነገር ከያዘ ውሃ አለ። ጥቁር የላስቲክ ፍርፋሪ ካለ ውስጥ ያለችው ቱቦ ተበልታለች፣ ወይም ከዚህ በፊት አንድ ሰው ከፍቶ የማይሆን ቱቦ አስገብቷል። ግልጽ ወይም ግራጫ ሙጫ የመሰለ ክር ካገኘሽ ደግሞ የቀድሞው መካኒክ በጎሚኒ (በላስቲክ ማሸጊያ) ፈንታ ሲሊኮን ቀብቶ ነበር፤ ቤንዚን ሲሊኮንን ያላላውና ወንፊቱ ላይ ይለጥፈዋል። ወንፊቱ ንጹሕ ሆኖ ፓምፑ ከሞተ የቀረው ሙቀትና ሽቦ ነው።

ከሰልባትዮው ሥር አንድ ብርጭቆ ቤንዚን ይቀዳና ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ውሃ ካለ ከሥር መስመር ሠርቶ ይቀመጣል። ነጭ ወረቀት ላይም አንድ ጠብታ ጣዪበት፦ ንጹሕ ቤንዚን በጥቂት ደቂቃ ይተንና ወረቀቱ ንጹሕ ይሆናል፤ ላምባ ወይም ናፍጣ የተቀላቀለበት ቅባት ያለው ቀለበት ይተዋል። ሰልፉ ሲረዝም በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር የሚገዛው ቤንዚን እንዲህ ሳይፈተሽ ሰልባትዮ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ቆሻሻ ከተገኘ ሰልባትዮው ሙሉ በሙሉ ይቀዳ፣ ውስጡ ክር በማይተው ጨርቅ ይጠረግ። በውሃ አይታጠብ።

ስለ ዕቃው ምርጫ ብዙ ወሬ አለ፣ ጉዳዩ ግን ቁጥር ማንበብ ነው። የቶዮታ ዕቃ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ አምስት አኃዞች ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራሉ፦ 77020 ሙሉው ዕቃ ነው፣ የነዳጁን መጠን ከሚለካው ተንሳፋፊ ጋር ከነፕላስቲኩ፤ 23220 ፓምፑ ብቻውን ነው፤ 23217 ወንፊቱ፣ 77169 ጎሚኒው። አንቺን 28 ሺህ የጠየቁሽ ሙሉውን ነው። የነዳጅ መለኪያሽ በትክክል ካነበበና ፕላስቲኩ ካልተሰነጠቀ ሙሉው አያስፈልግሽም፤ ፓምፕ፣ ወንፊትና ጎሚኒ ይበቃል፣ ዋጋውም በግልጽ ያንሳል። ድሬ ላይ ካጣሽው የአሮጌውን ቁጥርና የሶኬቱን ፎቶ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ላለ ሰው ላኪ፤ «የቪትዝ ፓምፕ» ብቻ ብለሽ አትዘዢ።

ከተፈታ መኪና የወጣ ያገለገለ ፓምፕ አትግዢ። ስንት ዓመት ባዶ ሰልባትዮ ውስጥ እንደጮኸ የሚያውቅ የለም። ያገለገለ ፕላስቲክ ቤት ግን፣ አዲስ ፓምፕ ከገባበት፣ ችግር የለውም። ሐሰተኛ ዕቃ ላይ ደግሞ ጽሑፉን እዪ፦ ኦርጂናሉ ብረቱ ላይ የተቀረጸ ወይም ጥርት ብሎ የታተመ ነው፤ በጥፍርሽ ስትፍቂው የሚለቅ ከሆነ መልሺው። ሱቁ ውስጥ «ይሠራል፣ እዪው» ብለው ደረቁን ፓምፕ ባትሪ ላይ ሲያስነሱት አትፍቀጂ። ቤንዚን ሳይኖረው የሚዞር ፓምፕ በዚያች ሴኮንድ መበላት ይጀምራል።

ሲገጠም ሦስት ነገር ላይ ድርቅ በይ። ጎሚኒው አዲስ ይሁን፣ ሲሊኮን አይነካው። ውስጥ ያለችው ቱቦ ከተቀየረች በቤንዚን ውስጥ ለመነከር የተሠራችው፣ ኤስኤኢ 30አር10 የሚል የታተመባት ትሁን፤ ተራ የነዳጅ ቱቦ ከውጭ በኩል ቤንዚን ሲነካት ታብጣ ትፈነዳለች። የተንሳፋፊዋ ክንድ እንዳትታጠፍ፤ ከታጠፈች ሩብ ሲኖርሽ ግማሽ እያለች ወደ መጀመሪያው ችግር ትመልስሻለች። መቀመጫው ከመመለሱ በፊት ሞተሩ ተነስቶ፣ ዙሪያው በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ፣ እርጥበት አለመኖሩ ይታይ።

እንግዲህ ሒሳቡ። ኮምፒውተሩን «ፕሮግራም ማድረግ» 15 ሺህ፦ ሰርዢው፤ ይህ ፓምፕ ምንም ፕሮግራም አይፈልግም። ኢንጀክተር እጥበት 6 ሺህ፦ ከጥቂት ሳምንት በፊት የታጠበው ያው ኢንጀክተር ነው፤ የጠዋቱ ግፊት መውረድ ከኢንጀክተር ነው ብለው በልኬት ካላሳዩሽ አትክፈዪ። ሰልባትዮ ለማውረድና ለእጅ ሥራ 13 ሺህ፦ በወንበሩ ሥር ስለሚከፈት ለፓምፑ ሲባል ሰልባትዮ አይወርድም፤ የለመደ ሰው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል፣ ክፍያውም የዚያ ልክ ይሁን። ሙሉው ዕቃ 28 ሺህ፦ ከላይ እንዳልነው። አሮጌው ዕቃ በሙሉ ለአንቺ እንዲመለስ ከሥራው በፊት ተናገሪ፤ ከሥራው በኋላ «ጥለነዋል» ነው የሚሉሽ።

ሻጩን በተመለከተ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል፤ ገዢም ዕቃውን መመርመርና ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። አንቺ ከአምስት ሳምንት በፊት ያወቅሽውን እስካሁን ካልነገርሽው ዛሬውኑ በጽሑፍ ንገሪው። ነገር ግን ብዙ አትጠብቂ። ወደ ሃያ ዓመት የተጠጋ መኪና ላይ የሚያልቅ ዕቃ በሦስተኛው ወር አለቀ ማለት በሽያጩ ቀን ተበላሽቶ ነበር ለማለት አይበቃም። ሲሊኮኑ ወይም የተቀየረ ቱቦ ከተገኘ ግን ነገሩ ይለያል፤ አንድ ሰው ከዚህ በፊት ከፍቶታል ማለት ነውና ፎቶ አንሺ፣ የመካኒኩን የጽሑፍ ማረጋገጫም ያዢ።

መሸጡን አሁን አታስቢ። የሚጠፋ መኪና ደላላ ፊት ሲቀርብ የሚቀነሰው ዋጋ ከጥገናው ይበልጣል።

እስኪሠራ ሐረር በሌላ መኪና ሂጂ። ደንገጎ ኩርባ ላይ ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ የፍሬኑ እገዛም ከአንድ ሁለት ርግጫ በኋላ ያልቃል፣ ከኋላሽ ደግሞ የጭነት መኪና አለ። ድንገት ከደረሰብሽ ፍሬኑን ደጋግመሽ አትምቺ፤ አንዴ አጥብቀሽ ያዢ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብሪ፣ ዳር ያዢ። ከሰልባትዮው ሥር በቡጢ ወይም በጎማ መዶሻ ቀስ ብሎ መምታት የደከመ ፓምፕን አንዳንዴ ያስነሳል። ይህ ቤት ለመድረስ ብቻ ነው፤ ከተነሳም ያንኑ ቀን ጋራዥ ይግባ።

ከተሠራ በኋላ ክፍያውን ከመጨረስሽ በፊት መካኒኩን ከጎንሽ አስቀምጪና፣ ሰልባትዮው ከግማሽ በላይ ሆኖ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ሙቀት ላይ ኤሲ ከፍተሽ ደንገጎን ውጪ። ከተማ ውስጥ መዞር ሙከራ አይባልም። ጉልበት ሳይቀንስ ከወጣና በማግስቱ ጠዋት በአንድ ሁለት ሴኮንድ ከተነሳ ቀሪውን ክፈዪ፤ አራተኛውን ካንዴላም ያኔ ጠይቂያቸው።